አዲስ ቀለም የተቀባች አሮጌ ቢትል ከመግዛትዎ በፊት

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራችውን ቮልስዋገን ቢትል ሊያዩ ሲሄዱ ከሞተሩና ከአካሉ የትኛውን ማስቀደም እንዳለብዎ ጠይቀዋል። ከአካሉ ይጀምሩ፤ ሞተር ሊታደስ ወይም ሊቀየር ይችላል፣ የበሰበሰ ላሜራን ቆርጦ መበየድ ግን መኪናዋ ከተገዛችበት ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

ምንጣፉን አንሥተው ወለሉን፣ በተለይም ከኋላ ወንበር ሥር ባትሪው የሚቀመጥበትን ቦታ ይመልከቱ፤ የባትሪ አሲድ ብረቱን ስለሚበላው ዝገቱ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይጀምራል። በበሮቹ ሥር የሚያልፉትንና ሙቅ አየር የሚያስተላልፉትን የጎን ብረቶች በማግኔት ይፈትሹ። ማግኔቱ የማይይዝ ከሆነ ከሚያብረቀርቀው ቀለም ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ፣ ማለትም ጉድለት የሚሞላበት ልስን ነው። አዲስ ቀለም ለእኔ ከማማለል ይልቅ የሚያጠራጥር ነገር ነው። እግረ መንገድዎንም በዚያው ወንበር ሥር የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የታችኛውን ፑሊ (የሞተሩ ቺንጋ የሚዞርበትን ክብ ብረት) ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ ሳብ ያድርጉት፤ በእጅ የሚሰማ ልቅነት ካለው ሞተሩ ተፈትቶ መታደስ ይኖርበታል።

ከልምድ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ሻጩ እርስዎ ሳይደርሱ ሞተሩን እንዳያስነሣ አስቀድመው ይንገሩት፤ አስቸጋሪ አነሣስና ሰማያዊ ጭስ በይበልጥ የሚታዩት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ ነውና።