ወንዙ ቀንሷል፤ ሽንኩርቱን ልትከል ወይስ ልተው?

ጥያቄ፦ «ከሸዋ ሮቢት አካባቢ ነኝ። ለግማሽ ሄክታር የሚሆን የሽንኩርት ችግኝ ደርሶልኛል። ሮቢ ወንዝ ግን ገና በታኅሣሥ ከአምናው አንሶ ታየኝ። ልትከል ወይስ ልተው?»

መልስ፦ መጀመሪያ አምናን ይርሱት። አምና ክረምቱ ዘግይቶ ወጥቶ ከሆነ፣ ከዚያ ጋር ሲተያይ ደህናውም ዓመት ድርቅ ይመስላል። የታኅሣሥ ውሃ የሚመዘነው ከብዙ ዓመታት ታኅሣሥ ጋር ነው። እኛ መስኖ ስናቅድ ከ5 ዓመት በ4ቱ የማይታጣውን መጠን ነው የምንይዘው። ወንዙ ላይ መለኪያ ካለ የቆየውን መዝገብ በወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት በኩል ይጠይቁ። ከሌለ የውሃ አባቶችን፣ ማለትም የመስኖ ተራ የሚያከፋፍሉትን፣ «በጥር ተራ በስንት ቀን ይደርስ ነበር?» ይበሏቸው። «ውሃው ብዙ ነበር?» ካሉማ ሁሉም አዎ ነው የሚሉት፤ ድሮ ያልበዛ ምን ነገር አለ!

ድንጋይ ላይ ባለ ምልክትም አይታለሉ። ከደጋ ወርዶ ቆላ የሚገባ ወንዝ ጎርፍ አሸዋ ይከምርበታል። አሸዋው ከፍ ሲል ውሃውም ምልክቱ ጋ ይደርሳል፤ መጠኑ ግን አልጨመረም። ስለዚህ ፍሰቱን ይለኩ። ቀጥ ባለ ቦይ ላይ 10 ሜትር ይለኩና ሎሚ ጣል አድርገው በስልክዎ ሰዓት ይያዙ። ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ውሃው 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው፣ ሎሚውም በ40 ሰከንድ ቢደርስ፣ በሰከንድ 30 ሊትር ነው። ላዩ ከሥሩ ስለሚፈጥን አንድ አምስተኛውን ይቀንሱ፤ 24 ሊትር ይቀራል።

ሽንኩርቱ በቀን ማሳው ላይ 6 ሚሊ ሜትር ከፍታ የሚሞላ ውሃ ቢጠጣ ለግማሽ ሄክታር 30 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። የአፈር ቦይ ግማሹን ያባክናልና 60 እንበለው። ተራዎ በ6 ቀን አንዴ ከሆነ 360 ሜትር ኩብ ማለት ነው፤ በ24 ሊትር ከ4 ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ፍሰቱ በግማሽ ሲወርድ ግን ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያን ያህል ሰዓት ማን ይሰጥዎታል?

በየሳምንቱ ማለዳ፣ ከላይ ያሉት ፓምፕ ሳያስነሱ ይለኩና ደብተር ላይ ይጻፉት። ወንዙ እስከ በልግ እየቀነሰ ነው የሚሄደው። ሽንኩርቱ ራስ የሚያበጀው ደግሞ ያኔ፣ የካቲት ግድም ነው፤ ያን ጊዜ ከተጠማ ምርቱ አለቀለት። በልግ ይደርስልኛል ብለው አይወራረዱ።

እኔ ብሆን ሩብ ሄክታሩን ሽንኩርት ተክዬ በቀሪው ማሾ እዘራለሁ፤ ቶሎ ይደርሳል፣ ውሃም ብዙ አይጠይቅም። የተረፈውን ችግኝ ሳያረጅ ከቦዩ ራስ ላይ ላለ ጎረቤት ይሽጡት።