«ጆይን ኢን» መግባት ሳይሆን መቀበል ነው

እኅቴ፣ «ጆይን» እና «ጆይን ኢን» በምን ይለያያሉ፣ መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም «ተቀላቀለ» ይላቸዋል ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እንግሊዝ አገር በአረጋውያን መጦሪያ እስክቀጠር ድረስ ልዩነቱ አይታየኝም ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አረጋውያኑ ክብ ሠርተው ይዘፍናሉ። የሻይ ስኒ እየሰበሰብሁ ሳልፍ አንዲት እናት «ጆይን ኢን!» አሉኝ። «ኢን» ሲሉ ወደ ክቡ ግባ ያሉኝ መስሎኝ ወንበር ስቤ መካከላቸው ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። እሳቸው ግን አፋቸውን በጣታቸው እየጠቆሙ ደጋግመው «ጆይን ኢን!» ይሉኛል። ለካ «ተቀበል» ነው የሚሉኝ! አውራጁ ሲያወርድ ተቀባዩ እንደሚቀበለው ማለት ነው።

ስለዚህ «ጆይን ኢን» የተጀመረ ነገር ይፈልጋል። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ የደረሰ ልጅ «ካን አይ ጆይን ኢን?» ቢል «እኔም ልጫወት?» ማለቱ ነው። ለሳቁም፣ ለክርክሩም፣ ለሐሜቱም ያው ነው።

ሰውን ወይም ድርጅትን ለመቀላቀል ግን «ጆይን» ብቻውን ይበቃል። እኛ «እንብላ» የምንለውን እነሱ «ጆይን አስ» ይላሉ። «ጆይን ኢን አስ» አይባልም፤ «ኢን» ከገባ «ዊዝ» መከተል አለበት፤ «ጆይን ኢን ዊዝ አስ» ይሆናል። እኔ በአንድ የሥራ ማመልከቻ ላይ «ጆይን ኢን ዩር ካምፓኒ» ብዬ ጽፌ ነበር። ያልተጠራሁት በዚያ ምክንያት ነው አልልም፤ እንደጠቀመኝ ግን እጠራጠራለሁ።

በስብሰባ ላይ «ጆይን ሚ ኢን ዌልካሚንግ» ሲባል ብትሰሚ አትደናገሪ። እዚያ ላይ «ኢን» የሚያያዘው ከኋላው ከሚመጣው ቃል ጋር ነው፤ «አብረን እንቀበላቸው» ማለት ነው።

«ጆይን አፕ»ን ግን ተጠንቀቂው። ነገርን ከነገር ማገናኘት ይሆናል፤ ለብቻው ሲነገር ደግሞ በተለይ እንግሊዞች ዘንድ ውትድርና መግባት ነው። ይህን ሳላውቅ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ እንደሚጫወቱ ሰምቼ «እኔም ጆይን አፕ ማድረግ እፈልጋለሁ» አልኋቸው። ጥጉ ላይ ያንቀላፉ የመሰሉን የቀድሞ ወታደር አዛውንት ቀና ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «የትኛው ክፍለ ጦር?» አሉኝ።