የበጎ ፈቃድ ምስክር ወረቀት ለጠየቀኝ ወጣትና ለእኩዮቹ

በቅርቡ የተመረቀ አንድ የደብረ ማርቆስ ልጅ «ጋሼ፣ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ማገልገል እፈልጋለሁ፤ ምስክር ወረቀት የሚሰጠው የትኛው ድርጅት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሥራ የሚፈልግ ሰው ወረቀት ቢሻ አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥያቄው አንዲት እማሆይን አስታወሰኝ፤ ከእርሳቸውም ጋር እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር።

በ1980ዎቹ በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ በነርስነት እሠራ ነበር። ከደብሩ አጥር ሥር የቅኔ ጉባኤ ቤት ነበር። ጎጃም የቅኔ አገር በመሆኗ ተማሪው ከወሎም፣ ከጎንደርም፣ ከሸዋም ይመጣል፤ ዋሸራ ሲል ዲማ ሲል በታወቁት የቅኔ ቤቶች ከመምህር ወደ መምህር የሚዞር ልጅ ደግሞ ሲታመም የሚደርስለት ዘመድ በአቅራቢያው የለውም። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ያገኘውን ቁራሽ ይበላል፤ የተረፈውን ድርቆሽ ያደርጋል። ክረምት ሲገባ ለብርዱ ሲሉ በጠባብ ጎጆ ተጠጋግተው ስለሚያድሩ ቅማል ይበዛል፤ ቅማሉም የሚያገረሽ ትኩሳትን ያመጣል።

ይህ በሽታ አታላይ ነው። ትኩሳቱ ጥቂት ቀን አንገላቶ ይለቃል፤ ልጁ ዳንሁ ብሎ ወደ ልመናውና ወደ ትምህርቱ ይመለሳል፤ ሳምንት ያህል ቆይቶ ያገረሽበታል። ቅማሉን በጥፍር መጨፍለቅና ገላን ማከክ ደግሞ የበሽታውን ተሐዋሲ በተቧጠጠው ቆዳ ያስገባዋል። እኛ መርፌ እንወጋለን፤ ልጁ ቅማሉ ወደ ቀረበት ልብስ ይመለሳል። ይህን አዙሪት የሰበሩት፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የደፉት እማሆይ ናቸው።

ማንም አልሾማቸውም። ቅማል ጎጆው በልብስ ስፌት ውስጥ እንደሆነና በፈላ ውኃ እንደሚሞት አንድ ቀን ነገርኋቸው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቅጥሩ ውጭ በርሜል ጥደው አገኘኋቸው። እንጨቱን ከሰንበቴው ማኅበርተኞች፣ አሮጌ ጋቢውን ከየቤቱ ለምነው ነበር። ልብሱ እስኪደርቅ ተማሪው ጋቢ ለብሶ ይቀመጣል። ከበግ ቆዳ የሚሠራው ደበሎ ግን ቢቀቀል ስለሚኮማተር አስቸገረ፤ እርሳቸውም ቅማል ደም ካላገኘ በሳምንት ገደማ እንደሚያልቅ ሲሰሙ፣ ደበሎውን ለየብቻ ሰቅለው ከዚያ በላይ እያቆዩ በተራ ይመልሱ ጀመር። አንድ ተማሪ በጉባኤ ቃና፣ በአጭሩ የቅኔ ዓይነት፣ ቢያወድሳቸው «ቅኔው ይደርሳል፤ መጀመሪያ እጀ ጠባብህን አውልቅ» አሉት። መሪጌታው ሳይቀሩ ሳቁ።

ሌሊቱ ደግሞ አለ። የዚህ በሽታ ሕመምተኛ መርፌ ከተወጋ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ተሐዋሲው በብዛት ሲሞት፣ በብርቱ ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ይንራል፤ ቀጥሎም የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። የማያውቅ ሰው መድኃኒቱ ገደለው ይላል። ተረኛው አንድ ሰው ሁሉን ማየት ስለማይችል እማሆይ ከልጁ ራስጌ ተቀምጠው ያድራሉ፤ ሲብስበት ይጠሩናል፤ ሲነጋ አጥሚት ያጠጡታል። ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል የእርሳቸውን ያህል ሕመምተኛን አስተውሎ የሚያይ ጥቂት ነበር፤ ፊደል ግን አልቆጠሩም።

እየደከሙ ሲሄዱ የሚረዷቸውና ሥራውን የሚማሩ ሁለት ወጣቶች እንዲሰጧቸው የደብሩን ሰበካ ጉባኤ ጠየቁ። ሰበካ ጉባኤ በ1965 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ፣ በቃለ ዓዋዲ፣ መሠረት ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚመረጥ ስለሆነ ጥያቄው ከባድ አልነበረም። ነገሩ ግን ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲተላለፍ እኔ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርሁ፤ እርሳቸውም አረፉ። ከዓመታት በኋላ ብመለስ በርሜሉ ለግንብ ሥራ የውኃ መያዣ ሆኗል፤ የጤና ጣቢያውም ልጆች ስለ ልብስ ቅቀላው የሰሙት ነገር አልነበረም። የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ያን የመሰለ ጥበብ ከአንዲት እናት ጋር ተቀበረ።

የዛሬ ወጣት አንዲት ጆንያ ዱቄት ለመስጠት ሦስት ካሜራ ይዞ ይሄዳል፤ እውነቱን ለመናገር ያናድደኛል። ይሁንና ባለፈው ክረምት በአንድ ደብር ላሉ ተማሪዎች ብርድ ልብስ የተገኘው ወጣቶች በስልክ ባሰራጩት ፎቶግራፍ ነበር፤ እማሆይ ያን ያህል ጋቢ በዕድሜ ልካቸው አልሰበሰቡም። ስለዚህ ፎቶውን ተዉት አልላችሁም። የልጁን ፊት ግን አታሳዩ፤ ለምኖ አዳሪ መሆኑን የትውልድ መንደሩ ሁሉ ማየት የለበትም።

እንግዲህ ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ ከክረምቱ በፊት መምህሩን ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ጉባኤ ቤቱ የእርሳቸው ነውና ያለ ፈቃዳቸው ምንም አትጀምሩ። በርሜል፣ እንጨት፣ ሳሙናና መቀየሪያ ልብስ ይበቃል። ትኩሳት ያለበትን ልጅ በቤት መድኃኒት አታቆዩት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ከእናንተ የሚያንስ አንድ ልጅ አብሯችሁ ይሥራ። ወረቀቱን በተመለከተ፣ የደብሩ ጽሕፈት ቤት የአገልግሎት ደብዳቤ ይጽፋል፤ ለዚያ የእኔ ፊርማ አያስፈልግም።