ጎማዬ ለምን ደጋግሞ ይተነፍሳል?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ያገለገለ ሳይክል ከገዛሁ ሁለት ወር ሆነኝ። የኋላ ጎማው አራቴ ተነፍሶብኛል። ይለጠፋል፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይተነፍሳል። ካቴናውም ዘይት እያፈሰስኩበት መንጫጫቱን አልተወም። ጥገናውን ራሴ ልማር ብዬ ተነስቻለሁ፤ ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ ከዚሁ ከኋላ ጎማህ ጀምር። አራቴ የተነፈሰው ዕድልህ ሆኖ አይደለም። ቀዳዳው ተለጠፈ እንጂ የበሳው ነገር አልተነሳም።

ጎማውን ስትፈታ በካቻቢቴ አትፈልቅቅ፤ ጫፉ የውስጡን ጎማ፣ ከመነዳሪውን፣ ራሱ ይበሳዋል። የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ያዝ። ከማውጣትህ በፊት ደግሞ ከመነዳሪው በየትኛው ጎኑ እንደነበረ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግበት። ከዚያ ንፋው፣ ውሃ ውስጥ ንከረው፣ አረፋ የሚወጣበትን ፈልግ። ስታገኘው ለመለጠፍ አትቸኩል። አየር የሚገባበትን አፍ፣ ቫልቩን፣ ከነበረበት ቦታ ጋር አስተካክለህ ከመነዳሪውን ጎማው ላይ መልሰህ አጋድመው። አሁን ቀዳዳው ከጎማው የቱ ጋ እንደሚያርፍ ታያለህ።

ቀዳዳው መንገድ በሚነካው በኩል ከሆነ የበሳው ነገር ምናልባት አሁንም ጎማው ውስጥ ተሰክቷል። በጣትህ አትዳስስ፣ ይቆርጥሃል። ቁራጭ ጨርቅ ይዘህ ውስጡን ዙሪያውን ጥረገው፤ የበሳው ነገር ያለው ጨርቁ የሚያዝበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሦስቴ የተመለሰብኝ ሳይክል ነበር። ጨርቁም ምንም አልያዘም። መጨረሻ ላይ ጎማውን ወደ ውጪ ቆልመም ሳደርገው ከፀጉር የማትወፍር የሽቦ ስባሪ ብልጭ አለች። ብቅ የምትለው ክብደት ሲያርፍባት ብቻ ነበር። በፒንሳ ነቀልኳት፣ ሳይክሉም በዚያ ችግር አልተመለሰም።

ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ ጎማህ ጥፋት የለበትም። የቸርኬውን የሽቦ ቀዳዳዎች የሚሸፍነው ቀበቶ ተንሸራቷል ወይም ተቀዷል። ቀይረው።

ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ካየህ ደግሞ ጎማው አየር አንሶት ነው። ጉድጓድ ሲመታ ከመነዳሪው በጎማውና በቸርኬው መካከል ይጨመቃል። የአየሩ ልክ ጎማው ጎን ላይ በፒኤስአይ ወይም በባር፣ በግፊት መለኪያዎቹ፣ ተጽፏል፤ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ገደማ ነው። በየሳምንቱ ለካው።

መለጠፉ ላይ ሰውን የሚያሳስተው ችኮላ ነው። ቦታውን ከልጣፊው ሰፋ አድርገህ በብርጭቆ ወረቀት እሸው፤ ማብረቅረቁ ይጥፋ። ማጣበቂያውን ስስ አድርገህ ቀባና 5 ደቂቃ ያህል ተወው። እርጥቡ ላይ የተለጠፈ ይላቀቃል። ሲደርቅ ለጥፈህ አጥብቀህ ተጫነው። ስትመልሰው ክብ እንዲይዝ ያህል ትንሽ አየር ስጠው፣ ጎማውን በእጅህ ወደ ቸርኬው ግፋው። ከመሙላትህ በፊት ከመነዳሪው የትም ተቆንጦ እንዳልቀረ ዙሪያውን እይ።

ወደ ካቴናው እንምጣ። ቆሻሻ ላይ የፈሰሰ ዘይት ከአሸዋ ጋር ይቦካና ብረቱን ይሞርደዋል። በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ ይዘህ ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞርክ ጥረገውና ይድረቅ። ከዚያ በየመጋጠሚያው አንድ አንድ ጠብታ ብቻ። ጥቂት ቆይተህ የውጪውን ዘይት ጥረግ፤ የሚያስፈልገው ውስጥ ገብቷል። ጠብታው ፍሬኑ በሚይዘው ቸርኬ ወይም ዲስክ ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቅ።

ያም ሆኖ ከተንጫጫ ለካው። ከአንድ ፒን፣ ማለትም መጋጠሚያውን ከሚይዘው ዘንግ፣ መሃል ጀምረህ ቀጥሎ ያሉትን ፒኖች ቁጠርና እስከ 24ኛው መሃል ድረስ ለካ። አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊሜትር ይሆናል። የአንተው ከ306.5 ካለፈ ለውጠው፤ ካልሆነ ካቴናው የሚዞርባቸውን ጥርሶችም ይበላልሃል፣ እነሱ ደግሞ ይበልጥ ይወደዳሉ።

የተጣመመ ቸርኬ ማቅናቱን ለጊዜው ለባለሙያ ተወው። ፍሬኑን ግን ጎማ በፈታህ ቁጥር ሳትወጣበት ፈትሽ። ሳይክሉን እየገፋህ የፊትና የኋላ ፍሬኑን ለየብቻ ያዝ። የፍሬኑ መያዣ እጀታውን እስኪነካ የሚገባ ከሆነ እስኪስተካከል ድረስ በእግርህ ሂድ።