መዋጮ ከመጀመራችሁ በፊት ስለሚቀጥለው እግር አስቡ

ልጆች፣ እንደምን ናችሁ?

በጦርነት መሀል ላሉ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ገንዘብ ለማሰባሰብ ደፋ ቀና ስትሉ አያለሁ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰው ሠራሽ እግር በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ነውና አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ልጅ ያድጋል። መዋጮ ላይ ግን ይሄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ትልቅ ሰው አንዴ እግር ከተሠራለት ለዓመታት ሊቆይለት ይችላል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ዛሬ ልክ የሆነለት እግር ብዙም ሳይቆይ ያጥረዋል፣ ይጠበዋል፣ ቆዳውን ይልጠዋል። በዚያ ላይ የልጅ አጥንት ከተቆረጠበት ጫፍ ማደጉን ሊቀጥል ስለሚችል አንዳንዴ ቆዳውን ከውስጥ ይወጋዋል፤ ያኔ እንደገና ቀዶ ሕክምና ነው።

አንድ ልጅ ከገጠር መጣልን። አያቱ ከሰው ሠራሽ እግሩ ሥር የመኪና ጎማ ቆርጠው በሚስማር መትተውለታል። እግሩ ስላጠረ ከፍ እንዲል ብለው ነው። ጎማው በጫማው ልክ ተከርክሞ፣ የሚስማሩ ጫፍ እንዳይወጋው ተቀጥቅጦ፣ አያት የሚችለው ሁሉ ተደርጎለታል። ልጁ ግን ወገቡን አጣሞ ነው የሚራመደው፣ ከጉልበቱ በታችም ቆስሏል። እግሩን ያሠሩለት ሰዎች ፎቶ ተነስተው ከሄዱ ወዲህ የጠየቀው የለም።

ስለዚህ ስታሰባስቡ ለሚቀጥለው እግርም አስቡ። ለመንገዱም አስቡ። አንዲት እናት ከወረዳ ወደ መቀሌ ወይም ወደ ደሴ ልጇን አዝላ ስትመጣ ትራንስፖርት አለ፣ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ ቤት የቀሩ ልጆች አሉ። ልኬቱ፣ መሞከሩ፣ መራመድ መለማመዱ በአንድ ቀን አያልቅም። መንገድ ከተዘጋ ደግሞ እዚያው ትቀራለች። ለዚህ የሚሰጥ ሰው ጥቂት ነው፣ ምክንያቱም ፎቶ አይወጣውም። ትግራይ ውስጥ ከሰኔ 2013 በኋላ ባንክ ተዘግቶ ሰው የራሱን ገንዘብ እንኳ ማውጣት አቅቶት እንደነበር አትርሱ። አካውንት ላይ ያለ ብር ሁሉ ልጁ ጋ አይደርስም፤ ስለዚህ በደህናው ጊዜ እግሩን ለሚሠራው ማዕከል አስቀድማችሁ ክፈሉ።

ውጭ አገር ያላችሁ ልጆች ደግሞ ያገለገለ እግር በሻንጣ አትላኩ። ቀይ መስቀል በሚደግፋቸው ማዕከላት በብዛት የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን በሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ እዚሁ ይጠገናል። የእናንተው ብሎኑ እንኳ አይገጥምም። ዊልቸርም ያው ነው። ሳይለካ የተሰጠ ዊልቸር የልጁን ጀርባ ያጣምማል፣ መቀመጫውን ያቆስላል።

ፎቶውን በተመለከተ እለምናችኋለሁ። የቆሰለ ልጅ ፊቱን፣ ስሙን፣ ቀበሌውን ቲክቶክ ላይ አታውጡ። ጦርነቱ ገና ባልበረደበት አገር ቤተሰቡን ለአደጋ ታጋልጣላችሁ፣ ልጁም አድጎ ያየዋል። እጁን አሳዩ፣ ክራንቹን አሳዩ፣ ይበቃል።

ብሩን በግል አካውንት አትሰብስቡ። የተመዘገበ ድርጅት ፈልጉና ከእሱ ጋር ሥሩ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሌሎች ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ለአስተዳደር የሚያወጣው ከገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ሒሳቡን አሳዩን ብላችሁ ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ፖስተር ከመሥራታችሁ በፊት ደግሞ ማዕከሉ ጋ ደውሉ። የዚህ ልጅ እግር መቼ መቀየር አለበት? እስከ አሥራ ስምንት ዓመቱ ስንት ያስፈልገዋል? ማደሪያ አላችሁ ወይ? በሏቸው። መልሱን ፖስተሩ ላይ ጻፉት። ለአንድ ልጅ እስኪያድግ ድረስ ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው አይሰጠንም ብላችሁ አትስጉ፣ ይሰጣል። እኔ ሲሰጥ አይቻለሁ።