«ይሄን ተምረሽ ማን ይቀጥርሻል?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። መካኒካል ኢንጂነሪንግ ጨርሰሽ አዳማ ማስተርስ ጀምረሻል። አማካሪሽ የሰጡሽ የመመረቂያ ርዕስ የንዝረት መከላከያ ላይ ያለ ኖንሊኒየር ዳምፒንግ ነው፤ ማለትም የሚይዘው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእኩል መጠን የማያድግ የንዝረት ማብረጃ። ወጪሽን የሚሸፍነው ዱባይ ያለው ወንድምሽ ደግሞ «ይሄን ተምረሽ አገር ቤት ማን ይቀጥርሻል? ትተሽው ኤምቢኤ፣ የንግድ አመራር ማስተርስ፣ ግቢ» ብሎሻል። አንቺም ልብሽ ተከፍሏል።

ርዕሱን እንዳትቀይሪ።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገርሽ። የምክር ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጥገና ክፍል ነበርኩ። በደቂቃ 1500 ዙር የሚሽከረከር የናፍጣ ጄኔሬተር ነበረን። ከሥሩ የጎማ ሱፖርት አለው። ሥራ ላይ ሲሆን ሰላም ነው። ሲነሳና ሲጠፋ ግን ይንዘፈዘፋል። የጭስ ማውጫው ቧንቧ በየጊዜው ይሰነጠቅብናል። መላ ብለን ከመኪና የተፈታ ሾክ አብዞርበር በአራቱም ጥግ አሰርንበት። ሲጠፋ መንዘፍዘፉ ቀነሰ። በምትኩ ሥራ ላይ እያለ ወለሉ መርገብገብ ጀመረ። አጠገቡ ባለው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሾኩን ፈታነው፣ ቧንቧው እንደገና ተሰነጠቀ። ወራት እንዲህ አለፉ። ከመካከላችን ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም።

ምክንያቱ ያንቺ ርዕስ ውስጥ ነው። በደቂቃ 1500 ዙር ማለት በሰከንድ 25 ንዝረት ነው። ጎማው ላይ የተቀመጠ ማሽን የራሱ ተፈጥሯዊ ንዝረት አለው፤ በሰከንድ 8 ነው እንበል። ጄኔሬተሩ ሲነሳም ሲጠፋም በ480 ዙር ማለፉ አይቀርም፤ እዚያ ላይ ሁለቱ ይገጥሙና ይናጣል። ጎማው ወለሉን ማዳን የሚጀምረው ደግሞ ከተፈጥሯዊው ንዝረት 1.41 እጥፍ ሲታለፍ ነው፤ ወደ 680 ዙር መሆኑ ነው። ተራ ዳምፒንግ፣ ማለትም ኃይሉ ከፍጥነቱ ጋር እኩል የሚያድገውን፣ ከጨመርሽ 480 ላይ ያለው መናጥ ይበርዳል። 1500 ላይ ግን ኃይሉ በዚያው በዳምፐሩ በኩል ወደ ወለል ይወርዳል። አንዱን ስታድኚ ሌላውን ታጪያለሽ።

ከኖንሊኒየሮቹ አንዱ የሆነው ኪዩቢክ ዳምፒንግ፣ ኃይሉ በፍጥነቱ ኪዩብ የሚያድገው፣ ይሄን ቋጠሮ ያላላል። ፍጥነቱ 3 እጥፍ ሲያድግ ተራው ዳምፐር 3 እጥፍ ይይዛል፣ ኪዩቢኩ 27 እጥፍ። ማሽኑ ሲናጥ አጥብቆ ይይዘዋል። በትንሹ ሲንቀሳቀስ የሌለ ያህል ይሆናል። የእኛ የመኪና ሾክም ኖንሊኒየር ነበር፤ ግን በተገላቢጦሽ። የውስጡ ሰበቃ ትንሹን እንቅስቃሴ ጨርሶ ይይዘውና ንዝረቱን እንደ ጠንካራ ብረት ያሳልፈዋል። ያኔ ይህን የምታውቅ አንዲት ልጅ ብትኖረን ከስንት ብየዳ በዳንን!

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ለይተሽ ያዢ። የሚነቀንቀው ማሽኑ ነው ወይስ ወለሉ? ማሽኑ ከሆነና የምትጠብቂው ወለሉን ከሆነ ኪዩቢኩ ይጠቅምሻል። ወለሉ እየተነቀነቀ የላዩን ዕቃ የምትጠብቂ ከሆነ ግን ከፍ ባለ ፍጥነት ላይ ሊጎዳሽም ይችላል። አማካሪሽን መጀመሪያ ይህን ጠይቂያቸው።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ለፍቶ ነው የሚልክልሽ፣ አመስግኚው። ገንዘብ ስለላከ ግን ሙያሽን አልገዛም። በአንድ ነገር እውነት አለው፤ «የኖንሊኒየር ዳምፒንግ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ አታዪም። «የጥገና መሐንዲስ» የሚል ግን ታያለሽ። የሲሚንቶ ፋብሪካ ትልልቅ ፋን ይንቀጠቀጣል፣ የውሃ ኃይል ማመንጫ ተርባይን ይንቀጠቀጣል፣ ሆቴልና ሆስፒታል ሥር ያለ ጄኔሬተር ይንቀጠቀጣል። ኤምቢኤ ከአምስት ዓመት ሥራ በኋላም ይደርሳል። አሁን ብትገቢ የምትመሪው ምኑን ነው?

ስለዚህ አማካሪሽን «በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ብቻ አይሁን፣ ትንሽ መሞከሪያ ልሥራ» በያቸው። ለመሞከሪያው የሚሆን ሞላ (ስፕሪንግ) አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አይጠፋም። መለኪያው ለጊዜው ስልክሽ ይበቃል፤ በሰከንድ 100 ጊዜ የሚመዘግብ የስልክ ሴንሰር 25ቱን ንዝረት ያሳይሻል። ከዚያ አይሶ 18436-2 የሚባለውን የንዝረት ባለሙያ ምስክር ወረቀት ተመልከቺ። አራት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያውን አልሚ። ወንድምሽ ለኤምቢኤ ያሰበውን ገንዘብ ለዚህ ያድርገው። ቃለ መጠይቅ ስትገቢም ስለ ኪዩብ አታውሪ። «ጄኔሬተር ሲጠፋ ለምን እንደሚናጥ አውቃለሁ፣ ለክቼዋለሁ» በይ።

የመጀመሪያ ዲግሪሽ ውጤት 2.9 መሆኑን ተይው፣ አልፏል። ሴት ሆነሽ ወርክሾፕ መግባቱ ካስፈራሽ ቱታሽን በልክሽ አሰፊና ግቢ። ውጭ ሄዶ ፒኤችዲ መማሩን አሁን አታስቢው፤ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ከማሽን ጋር ኑሪ።

ዲፓርትመንታችሁ ጄኔሬተር ከሌለው ሰፈርሽ ያለ ሆቴል አያጣም። መብራት የጠፋ ቀን ሄደሽ አስፈቅጂ። መብራት መጥቶ ሲያጠፉት መዳፍሽን ወለሉ ላይ አድርጊና ያ መናጥ እስኪያልፍ ቁጠሪ። ምን እንደተሰማሽ ጻፊልኝ።