ከዘጠኝ ሰዓት በፊት የተዋጠ ኪኒን

ባለፈው ሐምሌ አንድ ወጣት ነርስ ቤቴ መጣ። እናቱ የሰፈራችን ሴት ናቸው፤ እሱንም ከጡት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቡናው ሁለተኛው እስኪደርስ ስለ ሥራው፣ ስለ ደመወዙና ስለማያቋርጠው ዝናብ ሲያወራኝ ቆየ። ከዚያ ስኒውን አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ እኔ ማመን ካቃተኝ ዓመት አለፈኝ» አለ። «እሑድ እሑድ ነጠላዬን ለብሼ ከእናቴ ጋር አስቀድሳለሁ፣ ጾሙንም እጾማለሁ፣ ውስጤ ግን ባዶ ነው። ልንገራት ወይስ ልተወው?»

«አትንገራት» አልኩት። ሳላስብ ነው ያልኩት፤ እጄን እሳት እንደነካው ሰው። ልጁ አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ግን በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እናንተ ወጣቶች ስለ ሃይማኖትና ስለ ቤተሰብ ምክር ስጡን እያላችሁ እኛን ሽማግሌዎችን ትጠይቁናላችሁ፤ ምክር የሚሰጣችሁ ሰው በምን ነገር ተቃጥሎ እንደሚናገር ግን አትጠይቁትም። ስለዚህ የተቃጠልኩበትን ልንገራችሁ።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። የሰው ሰገራ፣ ደምና አክታ ስመለከት ነው ያረጀሁት። በ1979 ዓ.ም. ክረምት እናቴ ሳል ጠናባት። ሌሊት ላብ ያጠምቃት ጀመር፤ የአንገቷ አጥንት ወጣ። ሦስት ጊዜ አክታ ሰጠችኝ። የባልደረባ እጅ እንዲነካው አልፈለግሁም፤ ራሴው በመስታወቱ ላይ ቀባሁት፣ በእሳት አደረቅሁት፣ ቀዩን ቀለም አፍስሼ ከሥር አሞቅሁት፣ በአሲድ አጠብሁት፣ ሰማያዊውን ደረብሁበት። በማይክሮስኮፑ ሳይ፣ በሰማያዊው ሜዳ ላይ ቀያይ ቀጫጭን ዘንጎች ተበትነዋል። በየቀኑ የማያቸው ናቸው። በዚያ ቀን ግን ዓይኔን አንስቼ መስኮቱን ብዙ ጊዜ እንዳየሁ ትዝ ይለኛል።

ሳንባ ነቀርሳ በዚያን ጊዜ እንደዛሬው በስድስት ወር አይታከምም ነበር። ሁለት ወር በየቀኑ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ፣ ከዚያም ዓመቱ እስኪሞላ ኪኒን ነበር። ሕክምናውን በጀመረች በሳምንቱ ፍልሰታ ገባ። እናቴ የጎንደር ቁስቋም ማርያም ልጅ ነበረች። እቴጌ ምንትዋብ ካሠሩት ከዚያ ደብር በታች ነበር ቤታችን፤ ዳገቱን በየማለዳው ትወጣዋለች። የግቢያችንን በር ከመክፈቷ በፊት የእኔን ክፍል በር በመቋሚያዋ ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች፤ ኳ፣ ኳ። «ተነሣ» አትልም። አንዳንድ ቀን እነሣለሁ፤ ብዙውን ቀን የተኛሁ መስዬ ዝም እላለሁ። እሷም የተኛሁ መምሰሌን ታውቃለች፤ በነጋታው ግን ያው ኳ፣ ኳ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ተቀምጠን ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ምልክት መሆኑን እንማር ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬዬ ከክበቡ አልመጣም፤ ክበቡ ጥርጣሬዬን የሚጠራበት ስም ሰጠው እንጂ። መሠረቱ ከጎንደር በታች፣ ጣና ዳር ያለው ደንቢያ ነው። አባቴን የገደለው የደንቢያ ወባ ነው፤ በዚያ ወረርሽኝ ቤቶች ባዶ ቀሩ። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ የጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ያ ዕልቂት ነበር። በወረርሽኙ ጊዜ እኔ የወራት ሕፃን ነበርኩ። እናቴ በጀርባዋ አዝላኝ ወደ ጎንደር ወጣች፤ ጥጥ እየፈተለች አሳደገችኝ። እንዝርቷ ሲሽከረከር የሚያወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እና እንዲህ የተደረገባት ሴት ማንን ነው በየማለዳው የምታመሰግነው? ይህ ጥያቄ ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ነበር።

ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን ጠዋት ኪኒኗን እንዳልዋጠች አየሁ። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራዋለች። ከቅዳሴ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጸበል እንደምትውጠው ነገረችኝ። «ውሃ አፌ ከገባማ ምኑን ጾምኩት?» አለች።

እኔ ደግሞ ባለሙያ ነኝ። ለጤና መኮንኖቹ ውጤት ጽፌ የምሰጥ ሰው ነኝ። «ወይ መድኃኒቱን ዋጪ ወይ ሂጂ ቁስቋም ትፈውስሽ» አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋ ይበልጥ አናደደኝ። ከዚያ ሃያ ዓመት ያጠራቀምኩት ወጣ፤ «አባቴ ሲሞት የት ነበረች ይቺ የምትለምኛት ማርያም? ደንቢያን ረስታዋለች?»

እናቴ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች። ቋጠሮው ጠብቆ ስለነበር በጥርሷ ነው የፈታችው። ኪኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ ትንሽ አየችው። ከእንስራው በጣሳ ውሃ ቀድታ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ ዋጠችው። ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ጣሳውን አለቅልቃ ደፋችው፤ በዚያን ቀን ቁስቋም አልሄደችም።

እናንተ ልጆች፣ አሁን የምነግራችሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም። በኋላ ኪኒኖቹን ቆጠርኳቸው። መዋጥ ከነበረባት አንድም አልቀረም። ሦስቱን ቀን ሁሉ በዘጠኝ ሰዓት ስትውጥ ነበር። ያ መድኃኒት ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ በየቀኑ ሰዓቱ እስካልተዛባ ድረስ ጠዋት ይሁን ዘጠኝ ሰዓት ለውጥ አያመጣም። እንዲያውም በባዶ ሆድ መወሰዱ የተሻለ ነው። ይህንን አውቅ ነበር! በዚያች ጠዋትም አውቀው ነበር። ስለ ሳንባዋ አልነበረም የተጣላኋት። ማሸነፍ ፈልጌ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ለታመመ ሰው ጾሙን ታቃልላለች። የንስሐ አባቷም «ዋጪው፣ ኃጢአት የለበትም» ብለዋት እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ዘጠኝ ሰዓት መጠበቁ የገዛ ፈቃዷ ነበር፤ የራሷ ስጦታ ነበር። እኔ የቀማኋት እሱን ነው።

እናቴ ዳነች። የሚቀጥለው ዓመት አክታዋ ንጹሕ ሆነ፤ ከዚያም በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት ኖረች። ዳገቱንም ትወጣ ነበር። በሬን ግን ዳግመኛ አላንኳኳችም። በማለዳ ነቅቼ ጋደም ብዬ እሰማታለሁ፤ የክፍሏ በር ይከፈታል፣ መቋሚያዋ ድንጋዩን እየነካ በበሬ ፊት ያልፋል፣ ትንሽ ቆም ትላለች፣ ከዚያ የግቢው በር ይንጫጫል። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ተነሥቼ «ቆይኝ፣ አብረን እንሂድ» ማለት አልቻልኩም።

መቼም የእናንተ ዘመን ሌላ ነው። የእናንተ ሃይማኖት ስልክ ውስጥ ገብቷል። አንዱ በዩቲዩብ ይሰብካል፣ ሌላው ይሰድበዋል፣ ሦስተኛው ከሥር ሃምሳ ጊዜ «አሜን» ይጽፋል። ጥርጣሬያችሁንም እምነታችሁንም ለማታውቁት ሰው ትናገራላችሁ፤ ማታ እራት ላይ ከእናታችሁ ጋር ስትቀመጡ ግን ስልካችሁን ታያላችሁ። ይህ ያበሳጨኛል። በጥምቀት ዋዜማ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ቀዩን ምንጣፍ እየጠቀለላችሁ፣ ወደ ፊት እየሮጣችሁ ስትዘረጉ ሳይ ደግሞ ዓይኔ እንባ ያቀርራል፤ በእኛ ወጣትነት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ስለዚህ የማማርረውን ግማሹን ተዉት።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የእናቴን አርባ ባወጣን ቀን፣ ካህናቱ በልተው ከሄዱ በኋላ፣ የእናቴ ቡና አጣጪ የነበሩ ጎረቤታችን አጠገቤ ተቀመጡ። እሳቸውም የደንቢያ ሰው ናቸው፤ እናቴን ከልጅነት ያውቋታል። ስለ ጠላው ማነስ፣ ስለ ድንኳኑ ኪራይ ሲያወሩ ቆይተው፣ «አባትህ የሞተ ጊዜ እኮ እናትህ ሁለት ክረምት ቤተ ክርስቲያን አልረገጠችም» አሉ።

አላመንኳቸውም።

«ነጠላዋን አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ሂጂ እንጂ ስንላት፣ ‹እሷ ትምጣ እንጂ እኔ አልሄድም› ትለን ነበር። ቄሱ መጡ፣ አባረረቻቸው። ኋላ አንተን ኩፍኝ ያዘህ፤ ዓይንህ ጠፋ ብለን ነበር። በሌሊት ተነሥታ ሄደች። ምነው ብንላት ‹ማኩረፊያ አቅም አለቀብኝ› አለች።»

ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ፣ በ1979ኙ ፍልሰታ እናቴ እሳቸው ቤት ሄዳ ቡናውን ሳትጠጣ ስታለቅስ እንደዋለች ነገሩኝ። እኔን አልከሰሰችም። ደጋግማ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የኔን ጥያቄ ልጄ ከየት አገኘው?»

በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን፣ ያንኑ ጥያቄ ይዘን ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖረናል። እሷ እኔን እንዳታሰናክል ደበቀችኝ። እኔ እሷ ምንም ጠይቃ የማታውቅ ሴት መሰለችኝ።

ጎንደር የሊቃውንት አገር ናት እያልን እንኮራለን። መጻሕፍቱን ሲተረጉሙ አንዱን ቃል ይፈቱና «አንድም» ይላሉ፤ ሌላ ፍቺ ይጨምራሉ፣ እንደገና «አንድም» ይላሉ። ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው እስኪለያዩ ድረስ ተከራክረዋል፤ ማንም ግን ከሃዲ ብሎ አላባረራቸውም። በወንጌልም ልጁ የታመመበት አባት አለ፤ ማመኑንም አለማመኑንም በአንድ ትንፋሽ ነው ለጌታ የነገረው። ልጁም ድኖለታል። እኛ ቤታችን ስንገባ ይህን ሁሉ የት እንደምናደርሰው አላውቅም። ልጄ በአሥራ ሁለት ዓመቷ «አባዬ፣ እግዚአብሔር ይሰማናል ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ እኔ ያን ሁሉ ያሳለፍኩት ሰውዬ ምን እንዳልኳት ታውቃላችሁ? «ይህ አይጠየቅም፣ ብይ» አልኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በስልክ ስለ ዋጋ መናርና ስለ ደም ግፊቴ እናወራለን።

ነርሱን መልሼ አስጠራሁት። «ያልኩህን ተወው» አልኩት። «እንግዲያስ ልንገራት?» አለኝ። እሱንም አይደለም። ያመኑ እናትን ቡና እያፈሉ ሳለ «እኔ አላምንም» ብሎ መጣል፣ እኔ ካደረግሁት አይሻልም። «መጀመሪያ ጠይቃቸው» አልኩት። «አባትህ ሲሞቱ እንዴት ቻሉት? ተቆጥተው ያውቃሉ? ቀርተው ያውቃሉ? ይህንን ጠይቃቸውና ዝም ብለህ ስማ። ያንተ ተራ በዚያን ቀን ባይደርስ ሌላ ቀን ይደርሳል።» ጠይቋቸው ይሁን አይሁን እስካሁን አልነገረኝም። ባለፈው እሑድ ግን ከእናቱ ጋር ዳገቱን ሲወጡ አየኋቸው፤ ጥላውን የያዘው እሱ ነው።

ስለ ራሴ ብትጠይቁኝ፣ አምናለሁም አላምንምም ለማለት የሚያስደፍር ነገር የለኝም። እሄዳለሁ። እናቴ ትቆምበት ከነበረው ከሴቶቹ በኩል ካለው ዛፍ ሥር እደርስና እመለሳለሁ። መቋሚያዋ ከበሬ ኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ጫፉ ላይ ያለው ብረት በዳገቱ ድንጋይ አልቋል። ዘንድሮ ፍልሰታ ሲገባ የልጅ ልጄ ለክረምት እኔ ዘንድ ነበር። በመጀመሪያው ማለዳ በሩን ሁለት ጊዜ አንኳኳሁበት።

«አባባ፣ ዛሬ ትንሽ ልተኛ» አለ ከውስጥ።

«ተኛ» አልኩት። በማግሥቱም አንኳኳሁ።